ፈንግል የሚገባው በበር ነው

ከበዓል ማግስት የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ። ግማሾቹ «ዶሮዎቼ አለቁብኝ» ብለው ይጀምራሉ፣ ቀሪዎቹ «ምን መድኃኒት ልግዛ?» ብለው ይጨርሳሉ። አዲስ አበባ ዳር ዳሩን፣ ከሱሉልታ እስከ አቃቂ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ፣ ትንሽ ግቢ ያገኘ ሰው ሁሉ አምስትም አሥርም ዶሮ ይዟል። ደግ አድርጓል፤ የእንቁላልን ዋጋ የምታውቁት ነው። እኔን የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። ከሞቱ በኋላ ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ትንሹ እንኳ ቀድሞ ለክትባት ቢወጣ ከእነዚህ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አይጻፉም ነበር። ለማንኛውም ስማችሁን ትቼ ሰፈራችሁን ብቻ አስቀርቻለሁ።

ከሱሉልታ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ለፋሲካ ከገበያ ሁለት ዶሮ ገዛሁ። አንዱን አረድን፣ ሌላዋ ግን ገና ቄብ ስለሆነች አሳዝናኝ ከራሴ ዶሮዎች ጋር ለቀቅኳት። ሳምንት ሳይሞላ አንዷ ዶሮ ላባዋን ነፍታ ጥግ ይዛ ቀረች፣ ኩሷም አረንጓዴ ውሃ ሆነ። ቀጥሎ የሌላዋ አንገት ተጠማዘዘ። አውራው ደግሞ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ከአሥራ አንድ ዶሮ ሦስት ቀሩኝ። ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ሰጠሁ፣ ጎረቤቴ አረቄ ጠብ አድርጊላቸው ብላኝ እሱንም ሞከርኩ፣ ቴትራሳይክሊንም በውሃቸው በጠበጥኩ። ምንም ለውጥ የለም። በሽታው ምንድን ነው? የቀሩትንስ ምን ላድርጋቸው?»

እህቴ፣ አይዞዎት። እንደጻፉልኝ ከሆነ ይህ ፈንግል ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የሚጠማዘዝ አንገት፣ የትንፋሽ እጥረት፣ ከዚያ በጥቂት ቀን ውስጥ ቆጡ ባዶ መቅረቱ፣ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ሐኪሞች ኒውካስል የምንለው ማለት ነው። ክትባት ያላገኙ ዶሮዎች መሀል ከገባ ከመቶው ዘጠናውን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይጨርሳል። ሦስት ከተረፉልዎት ዕድለኛ ነዎት።

መድኃኒት የለውም። ይህን ደጋግሜ ብጽፍ አይሰለቸኝም። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ደግሞ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ሎሚውም ነጭ ሽንኩርቱም ቫይረሱን አይገድሉትም። «ለእገሊት ሠርቶላታል» ሲባል ብዙ ጊዜ የእገሊት ዶሮ መጀመሪያውኑ የታመመችው በፈንግል አይደለም፣ ወይም ደግሞ ያው በራሷ ጊዜ የምትድን ነበረች። አረቄውን ለእንግዳ ያቆዩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሽታውን ያስገባችው ያቺ ያሳዘነችዎት ቄብ ናት፤ ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፣ በየበዓሉ በየግቢው የሚሆነው ይኸው ስለሆነ ነው። አንዲት ዶሮ ቫይረሱ ከያዛት በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በአብዛኛው አምስት ስድስት ቀን ነው። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ትመስላለች። ትበላለች፣ ትጮሃለች፣ ሲያነሷትም ከበድ ትላለች። የበዓል ገበያ ላይ ደግሞ ከሰላሌም ከጎጃምም ከአርሲም የመጣው ዶሮ እግሩ ታስሮ አንድ ላይ ተነባብሮ ይውላል። ገጠር አንድ ሰፈር ውስጥ ፈንግል ሲሰማ ባለቤቱ ያልታመመውን ይዞ ገበያ ይሮጣል። ክፋት አይደለም፣ ችግር ነው፤ ነገ የሚሞትበትን ዛሬ መሸጥ ማን ይጠላል። ስለዚህ ከበዓል ገበያ የተገዛ ዶሮ ሁሉ እስኪጣራ ድረስ እንደታመመ ይቆጠር። ሊታረድ የተገዛው ይታረድ። ሊኖር የተገዛው ደግሞ ከሌሎቹ ርቆ፣ ሌላ መመገቢያና ሌላ ውሃ መጠጫ ተሰጥቶት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት ሳምንት ይቆይ። ጠዋት ሲመግቡ መጀመሪያ ወደ ነባሮቹ፣ መጨረሻ ወደ አዲሷ ይሂዱ። ከዚያ እጅዎን ይታጠቡ፣ ጫማዎንም ይቀይሩ።

ጫማ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኩስ በጫማ ሥር፣ በእንቁላል ትሪ፣ ከሰው ቤት በተዋስነው የዶሮ ማጓጓዣ፣ በመኖ ጆንያ ይጓዛል። የበዓል ዶሮ ስታርዱም ላባውና አንጀቱ ጓሮ ላይ ከተጣለ የራሳችሁ ዶሮዎች ቀድመው የሚደርሱበት እነሱ ናቸው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

የቀሩትን ሦስቱን በተመለከተ፣ አይሽጧቸው፣ ለዘመድም አይስጡ። የዳነች ዶሮ ራሷ ብርቱ ብትሆንም ቫይረሱን ለሳምንታት ከኩሷ ጋር ልታወጣ ትችላለች። የሞቱትን ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ፣ ኖራ ካለ ይነስንሱበት። ወንዝ ዳር መጣል ነውር ብቻ ሳይሆን በሽታውን ወደ ታችኛው ሰፈር መላክ ነው። ቤቱን ጥርግ አድርገው ጭዱንና ኩሱን ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። መጀመሪያ በሳሙና ይጠቡ፣ ከዚያ በበረኪና። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ በረኪና ኩስ ላይ ቢፈስ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ፀሐይ ይግባበት። አዲስ ዶሮ ለማስገባት ቢያንስ አንድ ወር ተኩል ይጠብቁ፣ የሚያስገቡትም የተከተበ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። በደብዳቤ ብቻ መቶ በመቶ ፈንግል ነው ማለት አይቻልም፤ የዶሮ ታይፎይድም ሌሎችም ድንገት ይገድላሉ፣ የወፍ ጉንፋን የሚባለውም ምልክቱ ይመሳሰላል። ብዙ ዶሮ ባንዴ ሲሞት ለወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መናገር ያስፈልጋል። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራ የሚሠራ ተቋም ነው። ቢሾፍቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። የምትወሰደው ዶሮ በዚያኑ ቀን የሞተች ትሁን፣ በሁለት ፌስታል ታስራ ከበረዶ ጋር እንጂ ፍሪዘር ውስጥ ደርቃ አይደለም።

ከለገጣፎ

«ዶክተር ሰላም ነው? ሥራ ፍለጋው አልሆን ሲለኝ 60 የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ ጀመርኩ። ክትባታቸውን አንድም ሳላጓድል አሰጥቻለሁ። አሁን አራተኛ ሳምንታቸው ነው። ኩሳቸው ውስጥ ደም አየሁ፣ ክንፋቸውን ጥለው ያንቀላፋሉ፣ ትናንት ሰባት ሞቱብኝ። ቪታሚን እየሰጠሁ ነው። ክትባቱ ፎርጅድ ይሆን እንዴ?»

ወንድሜ፣ ክትባቱን ተወው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ይህ ኮክሲዲያ ነው፣ የደም ተቅማጥ የሚሉት። ለፈንግልና ጉምቦሮ ለሚባለው ሌላ የጫጩት በሽታ የሰጠሃቸው ክትባት ከዚህ አያድንም፤ ይህን የሚያመጣው ቫይረስ ሳይሆን በዓይን የማትታይ አንጀት ውስጥ የምትራባ ጥገኛ ተሕዋስ ናት። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያለው ዕድሜ ዋነኛ ጊዜዋ ነው። አንተም የጻፍከው ልክ እዚያ ላይ ሆነህ ነው።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይህን ካወቅህ የሚቀጥለው ዙር ላይ አትጎዳም። ጫጩቷ በኩሷ የምታወጣው እንቁላል መሳይ ነገር ወዲያው አይጎዳም። መብሰል አለበት። ለመብሰል የሚፈልገው እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ነው። እነዚህን ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዝግጁ ይሆናል፣ ሌላዋ ጫጩት ለቅማ ትውጠዋለች፣ አንጀቷ ውስጥ ይፈለፈላል፣ እንደገና በብዙ እጥፍ ይወጣል። ስለዚህ በሽታው ያለው ሰጋቱራህ ላይ ነው። እስቲ ሂድና የውሃ መጠጫው ዙሪያ ያለውን ሰጋቱራ በእጅህ ጨብጠው። ተጣብቆ ኳስ ከሆነ ችግርህን አግኝተኸዋል።

አሁን የምታደርገው፦ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አምፕሮሊየም ጠይቅ። ዱቄቱ በተለያየ ጥንካሬ ስለሚመጣ መጠኑን እኔ አልነግርህም፣ እሽጉ ላይ ያለውንና ባለሙያው የሚልህን ተከተል። የምትሰጠው ለታመሙት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው፤ የታመመች ጫጩት መብላት ብታቆምም ውሃ ትጠጣለች፣ መድኃኒቱ በውሃ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ሌላ ውሃ ግቢ ውስጥ እንዳያገኙ። እና ቪታሚኑን አቁም! ይህ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ነው። አምፕሮሊየም ቪታሚን ቢ1ን ይመስላል፤ ተሕዋሷ ቢ1 ያገኘች መስሏት እሱን ትወስዳለች፣ በዚያው ትራባለች። አንተ ደግሞ ጎን ለጎን ቢ1 ያለበት ቪታሚን በውሃ ስትሰጥ መድኃኒቱን መልሰህ ታከሽፈዋለህ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ያን ጊዜ ቪታሚኑን ስጥ፣ ያገግሙበታል።

እርጥቡን ሰጋቱራ በሙሉ አውጣ። ደረቅ አልብስ። መጠጫውን ከጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ጋር እኩል አድርገህ በጡብ ላይ አስቀምጠው፣ ያኔ አይገቡበትም፣ አይደፉትም። ቤቱ በቆርቆሮ ብቻ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ሌሊት ከጣሪያው ጠል ይንጠባጠባል። ለገጣፎ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ። ሰው ብርዱን ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍንና ውስጡ ይታፈናል፣ ያ ትንፋሽ ሁሉ ውሃ ሆኖ ሰጋቱራው ላይ ይወርዳል። ከታች ንፋስ አታስገባ፣ ከላይ ግን አየር መውጫ ተው።

ስለ ሙቀት ካነሳን፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋቸዋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ እየቀነስክ ትሄዳለህ። ቴርሞሜትር ከሌለህ ጫጩቶቹን እያቸው። ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፣ ከሙቀቱ ሸሽተው ግድግዳ ከያዙ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ከተጫወቱ ልክ ነው። ከሰል የምትጠቀም ከሆነ ውጭ ደህና አድርገህ አቀጣጥለህ አስገባ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን እነሱንም አንተንም ይገድላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሰል አስገብቶ በሩን መዝጋት ይቅር።

ከኮዬ ፈጬ

«ያለኝ ስድስት ዶሮ ነው። ክትባት ልግዛ ብል ለመቶ ዶሮ ነው ይሉኛል። ለስድስት ዶሮ ብዬ መቶ ልግዛ? ደግሞስ ራሴ መስጠት እችላለሁ?»

ትችያለሽ። ገንዘቡ ካስጨነቀሽ ደግሞ የዚህ መልሱ ሰፈር ነው፤ የስድስት ዶሮ ባለቤት ብቻዋን መክተብ የለባትም። ያንቺ ስድስት፣ የጎረቤትሽ አሥር፣ ማዶ ያሉት አዛውንት አራት፣ ተሰብስባችሁ አንድ ብልቃጥ ግዙ። ለእድር ስንዋጣ የምናውቅበትን ለዶሮ ለምን እንደሚያቅተን አይገባኝም። ደግሞም ያንቺ ተከትበው የጎረቤትሽ ካልተከተቡ በሽታው አጥር ጥግ ይጠብቅሻል።

አገር ውስጥ የሚመረተው ክትባት የሚወጣው ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ያለ ነው። ለፈንግል ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ። አንደኛው ኤች ቢ 1 እና ላሶታ የሚባሉት ናቸው፤ ኤች ቢ 1 ለጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ ላሶታ ደግሞ በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምርና በየሦስት ወሩ ገደማ ይደገማል። እነዚህ ሙቀት አይወዱም። ሁለተኛው አይ 2 የሚባለው ነው፤ ሙቀትን ከእነዚያ ይልቅ ይችላል፣ ለጓሮ ዶሮም የተሠራ ያህል ነው። አንድ ጠብታ በአንድ ዓይን፣ ዶሮዋ ዓይኗን እስክታርገበግብ ጠብቀሽ ትለቂያታለሽ፣ በየሦስት አራት ወሩ መድገም ነው። ካገኘሽ ይህን ምረጪ።

ላሶታን በውሃ የምትሰጪ ከሆነ ግን ጣጣ አለው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ክትባት ሜዳ ላይ የሚቀረው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገድለዋል። ውሃውን ክዳኑን ከፍተሽ አሳድሪው፣ ወይም ስብ የሌለው የወተት ዱቄት በሊትር 2 ግራም ተኩል ያህል በጥብጪበት፣ ሁለቱንም ብታደርጊ ይሻላል። ዕቃው በበረኪና ያልታጠበ ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት አይደለም። ጠዋት በጊዜ፣ ፀሐይ ሳይወጣ። ከዚያ በፊት ለአንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ትከለክያቸዋለሽ፣ ሲጠማቸው ሁሉም ባንዴ ይጠጣሉ። የተበጠበጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ፣ የተረፈው ይደፋ። ለነገ ማስቀመጥ የለም።

ከመድኃኒት ቤቱ ስትገዢ ከፍሪጅ ሲያወጡት እይ። ከመደርደሪያ ላይ ካነሱልሽ ሌላ ቦታ ሂጂ። ፔርሙስ በበረዶ ይዘሽ ሂጂ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ በእጅሽ ይዘሽው ሰዓት ከቆምሽ የገዛሽው ውሃ ነው። የታመመች ዶሮ ደግሞ አትከተብም። ክትባት መድኃኒት አይደለም፣ በሽታው ከገባ በኋላ ሮጦ መግዛት ትርፉ ድካም ነው። ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚበረታው በበልግ ማብቂያና በክረምት መግቢያ ስለሆነ መጋቢት ሚያዝያ ላይ፣ ከፋሲካ ገበያ ቀደም ብላችሁ ብትሰባሰቡ ጥሩ ነው።

ከሰበታ

«የዶሮዎቼ ጉትዬና ዓይናቸው ዙሪያ ኪንታሮት መሳይ ነገር ወጣባቸው። ሰው በጋለ ብረት ተኩስ አለኝ።»

አትተኩስ፣ በእግዚአብሔር። የዶሮ ፈንጣጣ ነው። የወባ ትንኝ ቢጤዎችና ሌሎች ደም የሚመጡ ነፍሳት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያስተላልፉታል። ቅርፊቱን አትላጠው፤ ቫይረሱ በደረቀው ቅርፊት ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ አንተ ስትልጠው በየቦታው ትዘራዋለህ። አዮዲን ቀባ ቀባ አድርግና ለይተህ አስቀምጣት። አብዛኞቹ በሦስት አራት ሳምንት ይድናሉ። ዓይኗ ተዘግቶ መብላት ካቃታት በእጅህ አጉርሳት፣ በረሃብ ነው የሚሞቱት። ጉሮሮዋ ውስጥ ከወጣ ግን ከባድ ነው። ገና ያልያዛቸውን አሁኑኑ በክንፍ ቆዳ የሚወጋውን የፈንጣጣ ክትባት አስከትብ፣ ይህ እንደ ፈንግል አይደለም፣ መሀል ላይም ያድናል። ጓሮ የተጣለ ጎማና ጣሳ ውስጥ ያቆረውን ውሃ ድፋው።

ከቡራዩ

«አባባ ዶክተር፣ ሳሶ የሚባለው ዝርያ ስምንት ዶሮዎች አሉኝ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ እንቁላል ከቀን ስድስት ወደ ሁለት ወረደ። የበሽታ ምልክት የላቸውም። የምሰጣቸው የቤት ትራፊ፣ ፉርሽካ፣ እና ከጁስ ቤት የማመጣውን ልጣጭ ነው።»

አባባ መባሌን ወድጄዋለሁ፣ ልጄ። መልሱ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አለ።

በሰለጠነው ዓለም ጽሑፍ ላይ «ቀኑ ሲያጥር ዶሮ መጣል ያቆማል» የሚል ታነቢያለሽ። እኛ ጋ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ከ12 ሰዓት አይርቅም፣ ስለዚህ ይህ ብቻውን አይገልጸውም። ክረምት ላይ ደመናው፣ ጭለማ ቤት፣ እርጥበትና ብርድ ግን አሉ። ብርድ ሲመጣ የበላችው ለሙቀት ይውላል፣ ለእንቁላል አይተርፍም። አምፖል ማታና ንጋት ላይ አብርተሽ ቀኑን ወደ 16 ሰዓት ብታደርሺው ይረዳል። ግን መጀመሪያ ሆዷን ማየት ይቀድማል።

አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። ፉርሽካ ሆድ ይሞላል እንጂ እንቁላል አያስጥልም። ካልሲየም ብቻውን በቀን 4 ግራም ገደማ ያስፈልጋታል፤ አንዱ ቅርፊት ብቻ 2 ግራም ያህል ይዞ ይወጣል። ከጎደላት ከራሷ አጥንት ታወጣለች፣ ከዚያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ከዚያ ታቆማለች። የእንቁላል ጣይ መኖ ግዢ። ገንዘቡ ካልበቃ ቢያንስ ግማሹን እሱ አድርጊና ላዩ ላይ የኑግ ፋጉሎ ጨምሪበት፣ የራሳቸውን የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ አድርቀሽ፣ አንዴ ቆልተሽ፣ ፈጭተሽ ለብቻው በሳህን አስቀምጪላቸው። ቅርፊቱን ሳትፈጪ ከሰጠሻቸው እንቁላል መብላት ይለምዳሉ፣ ያን ልማድ ማስተው ከባድ ነው። በቆሎው የሻገተ እንዳይሆን፤ ክረምት ላይ ጆንያ መሬት ላይ ካስቀመጥሽ ሥሩ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበታቸውን ይበላዋል፣ «ለዶሮ ምን ይላታል» እየተባለ የሚሰጠው የሻገተ እህል ነው ብዙ ዶሮ ቀስ በቀስ የሚያሳጣን።

የጁስ ቤቱ ልጣጭ ደግሞ! የአቮካዶ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሚ። ልጣጩና ፍሬው ለወፍ ዘር ሁሉ መርዝ ነው፣ ልብ ያቆማል። የፓፓያና የሀብሐብ ይሁንልሽ።

ላባ እየጣሉ ከሆነ ደግሞ ምንም አትጨነቂ፣ ዓመት ያለፋት ዶሮ ላባዋን ስትቀይር ለተወሰነ ጊዜ ታርፋለች።

ከአቃቂ

«ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እንቁላሉን ለእነሱ ብዬ ነው የያዝኩት። ዶሮዎቹ ሲያስነጥሱ መድኃኒት ቤት ሄጄ አንድ ዱቄት ሰጡኝ፣ አሁን እየጠጡ ነው። እንቁላሉን ለልጆቼ ልስጥ? አንዷ በጣም ታማለች፣ ሳትሞት ብናርዳት ምን አለበት?»

እናቴ፣ እሽጉን አንብቡት፣ ወይም ለሚያነብ ሰው ያሳዩ። ኦክሲቴትራሳይክሊንም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ ከተሰጠ በኋላ እንቁላሉና ሥጋው የማይበላበት የቀን ቁጥር አለው። ያ ቁጥር እሽጉ ላይ ይጻፋል። መድኃኒቱ እየተሰጠ ባለባቸው ቀናትና ከዚያ በኋላ በተጻፈው ቀን ልክ እንቁላሉ ይደፋ። መሸጥም አይቻልም፣ የሰው ልጅም ልጅ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ለእንቁላል ጣይ ጨርሶ አይሰጥም። ኢንሮፍሎክሳሲን የሚል ካነበቡ ይመልሱት፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ለዶሮ እንዳይሰጥ ከልክላዋለች፣ ምክንያቱም ከዶሮ የሚመጡ ጀርሞች መድኃኒቱን እየለመዱ የሰው ሕክምና ላይ ችግር ማምጣታቸው ስለታየ ነው።

ለማስነጠስ ሁሉ አንቲባዮቲክ መስጠትም ልክ አይደለም። መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጢጥ ብለው በዶሮዎቹ ከፍታ ይተንፍሱ። ዓይንዎን ካቃጠለዎት የኩሱ ሽታ ነው የሚያስነጥሳቸው፤ ጥረጉት፣ አየር ይግባ። ፊታቸው ካበጠና ከአፍንጫቸው የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ግን የእንስሳት ሐኪም ይያት።

የታመመችውን አትረዷት። ስታርዱና ስትገነጣጥሉ ነው ጀርሙ እጅና ቢላ ላይ የሚቀረው። ሳልሞኔላ የሚባለው የሰው ሆድ የሚያውክ ጀርም ደግሞ ከታመመችም ከጤነኛዋም ይመጣል፤ ስለዚህ ልጆቹ ዶሮ ከነኩ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ፣ እንቁላሉም በደንብ ይቀቀል። ብዙ ቤት ሌባና ሸለምጥማጥ ተፈርቶ ዶሮ ሰው የሚተኛበት ክፍል ያድራል። ይገባኛል። ግን ልጆች በሚያድሩበት ክፍል አይሁን፤ በግድግዳው ጥግ በወንፊት ሽቦ የታጠረች ትንሽ ቆጥ ብታሠሩ ይሻላል።

ከሰንዳፋ

«ዶሮዎቼ ማታ ቆጥ ላይ መውጣት ጀምረው ነበር፣ አሁን እምቢ ብለው መሬት ላይ ያድራሉ። ጉትዬያቸው ነጣ። ቀን ላይ ሳያቸው ምንም ተባይ የለም።»

ቀን ላይማ አታገኘውም። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘህ ግባና የቆጡን እንጨት ከሥር፣ የሚስማሩን ቀዳዳ፣ የጣውላውን ስንጥቅ አብራበት። ደም የጠገቡ ቀያይ ነጥቦች ሲርመሰመሱ ካየህ እነሱ ናቸው። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ሌሊት ወጥተው ደሟን ይመጣሉ፣ ጉትዬዋ የነጣው ለዚህ ነው። ዶሮዋን ብቻ ብታክም አይጠፉም፤ ቤታቸው የዶሮዋ ገላ ሳይሆን እንጨቱ ነው። ቆጡን ነቅለህ አውጣ፣ የፈላ ውሃ አፍስስበት፣ ስንጥቁን በጭቃ ወይም በኖራ ድፈን፣ በሳምንቱ ድገመው፤ ከእንቁላል የሚፈለፈሉት ስለሚመጡ። ደረቅ አመድና የላመ አፈር በአንድ ሳጥን አድርገህ አቅርብላቸው፣ ራሳቸው ይታጠቡበታል። ለበረሮ የሚረጨውን ዶሮ ላይ እንዳትረጭ። ለአትክልት የሚሆነውንም እንዲሁ፤ ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ የተባይ መድኃኒት አለ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቅ፣ ስትገዛም የእንቁላሉን ቀን መጠየቅ አትርሳ።